ደክሟል

“ትንፋሽሽን ያዢ” አለች ፈዲላ፤ መርፌዋን በቀሚሱ ጀርባ አስገብታ ክሩን ሳበችው።

ኪርሲ ትንፋሿን ይዛ መስተዋቱ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። የቀሚሷ መንጠቆ ተነቅሎ የመልበሻ ክፍሉ ወለል ላይ ሲንከባለል ሁለቱም ደንግጠው ነበር። ልምምዱ ሊጀመር ነው፤ ውድድሩ ደግሞ ከቀትር በኋላ ነው። ፈዲላ ግን ለእንዲህ ያለው ነገር ስትል ነው ሥራዋን ዘግታ፣ ሐበሻ ነጋዴ ከሚበዛበት የጆሃንስበርግ ሰፈር፣ በአጭሩ ጀፕ ከሚባለው ጀፕስታውን፣ ሁለት ታክሲ ቀያይራ፣ ከጀርሚስተን ወዲያ እስካለው የገበያ ማዕከል የበረዶ መንሸራተቻ ድረስ የመጣችው። የመርፌ መሰኪያዋ እንደ እጅ ሰዓት አንጓዋ ላይ ታስሯል።

“አባቴ አልደወለም?” አለች ኪርሲ።

“ገና ነው። ስልክሽ እኔ ጋ አይደል? ሲደውሉ አመጣልሻለሁ።”

“ሁልጊዜ ከልምምድ በፊት ነበር የሚደውለው።”

“ሽማግሌ ሰው ናቸው እኮ። ይረፉበት እንጂ። አሁን ተንፍሺ።”

ኪርሲ ተነፈሰች። መንጠቆው ያዘ።

የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው። የኪርሲ እንግሊዝኛ ፊንላንድ ፊንላንድ ይላል፤ የፈዲላ ደግሞ ጀፕ ጀፕ ይላል። ቢሆንም ይግባባሉ። የኪርሲ አባት ኤሮ ከፊንላንድ ሲደውሉ እንኳ ፈዲላ ስልኩን ካነሳች ስሟን “ፊዲላ” እያሉ ጠርተው፣ ሁልጊዜ ያችኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቋታል። “አፍሪካ ውስጥ በረዶው አሁንም አልቀለጠም?” እሷም “አልቀለጠም፣ እየጠበቅነው ነው” ትላቸዋለች። ሽማግሌው ይስቃሉ። ከዚያ ወዲያ የሚያውቁት የጋራ ቃል የለም።

ኪርሲ ሥራዋ ስለት ባለው ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ እየዘለሉና እየተሽከረከሩ መወዳደር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ዛሬ አብረዋት የሚወዳደሩት ልጆች ከሃያ ያልዘለሉ ናቸው። “እኔን ሲያዩ ወንበር ሊለቁልኝ ይቃጣቸዋል” ትላለች።

ፈዲላ የኪርሲን የውድድር ሕይወት ያወቀችው ከቀሚሶቿ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ኪርሲ ጨርቅና ፈርጥ ፍለጋ ጀፕ ገብታ ነበር። አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ፣ የፈዲላ አጎት ከሊል ብርድ ልብስና መጋረጃ በጅምላ ከሚሸጡበት ሱቅ ጥግ፣ አንዲት የስፌት መኪና ይዛ የተቀመጠችውን ፈዲላን አገኘቻት። ሻንጣ ሙሉ አሮጌ የውድድር ቀሚስ አምጥታ፣ ለምታሠለጥናቸው ልጆች አጥብባና አሳጥራ እንድትሰፋላት ጠየቀቻት። ፈዲላ እያንዳንዱን ስትተረትር ኪርሲ አጠገቧ ባለ የብርድ ልብስ ክምር ላይ ተቀምጣ ትነግራት ነበር።

ትንሿን ቀይ ቀሚስ የሰፋቻት እናቷ ናት። ያኔ አባቷ ከቤታቸው ጀርባ ያለው ሐይቅ በረዶ ሆኖ ሲረጋ፣ በየማለዳው በረዶውን በአካፋ ጠርገው ሜዳ ያበጁላት ነበር። ነጯን የለበሰችው የፊንላንድ ወጣቶች ሻምፒዮን የሆነች ቀን ነው። ሰማያዊው ዳሌው ላይ ተቀዶ፣ ቀለሙ ትንሽ በሚለይ ክር ተጠግኗል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በአውሮፓ ሻምፒዮና፣ ለመዝለል ተነስታ በዳሌዋ ወደቀች፤ አጥንቷም ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀሚሶች ሁሉ ጥቁር ናቸው። በጥቁሮቹ አራተኛ ወጣች፣ አምስተኛ ወጣች፣ የሚረዳት ፌዴሬሽን መርዳቱን አቆመ፤ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ቤት እየሠራች ከሰዓት ትለማመድ ጀመር። በመጨረሻ ጆሃንስበርግ ውስጥ ልጆች የሚያሠለጥን ሰው ሲፈለግ መጣች። ቆይታ ቆይታም ለዚህ አገር እንድትወዳደር ተፈቀደላት። ዛሬ የሚያሸንፍ የአገሪቱን ስም ይዞ ወደ ውጭ ይወጣል። ኪርሲ ለፈዲላ ይህን ስትነግራት “ለእኔ ሌላ ዛሬ የለም” ነበር ያለቻት።

ሰማያዊውን ቀሚስ ፈዲላ መቁረጥ አቃታት። ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ሕንፃው ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ቀሚሱን ቀስ አድርጎ ሲያዞረው ታያለች። ያኔ ዓይኗን ወደ ሥራዋ ትመልሳለች።

ኪርሲ ወደ በረዶው ወጣች። ፈዲላ መርፌና ክሯን እየሰበሰበች ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሽማግሌው መስለዋት ፈገግ ብላ አነሳችው። የደወለችው ግን ሊሳ፣ የኪርሲ ታላቅ እህት ነበረች።

“ኪርሲ?”

“አይደለሁም፣ ፈዲላ ነኝ። ልብስ የምሰፋላት። ኪርሲ ልምምድ ላይ ናት።”

ሊሳ ሲያለቅስ የቆየ ሰው በሚያወጣው ድምፅ “አባታችን በጣም ደክሟል” አለች። “እባክሽ፣ ቶሎ እንድትደውል ንገሪያት። ዛሬ ውድድር እንዳለባት አውቃለሁ። ቢሆንም ትደውል።”

“እሺ” አለች ፈዲላ። ስልኩ ሲዘጋ የጫማ መቀየሪያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። “ኢና ሊላሂ” አለች በለሆሳስ።

ሊሳ ሞተ አላለችም። ፈዲላ የምታውቀው ሰው ሁሉ ይህን ቃል በስልክ አይናገርም። ባደገችበት ወራቤም ሆነ እዚህ ጀፕ፣ ሰው ሲሞት ሩቅ ላለ ዘመዱ ደክሟል ይባላል፤ ተኝቷል ይባላል። ከዚያ ሰው ይሰበሰብና አንድ ማለዳ መርዶው ይነገራል። መርዶ የሚጠብቀው ሰው ስልኩ በዘዴ ይወሰድበታል፤ አጠገቡ ያሉት ሁሉ ያውቃሉ፤ እሱ ብቻ አያውቅም።

እሷም አላወቀችም ነበር። አምና፣ ወንድሟ አዩብ ከወራቤ ደውሎ “አባባ ትንሽ ደክሟል” ሲላት አምናው ነበር። “አቅርብልኝ” ስትለው “ተኝቷል” አላት። በማግስቱም ተኝቷል። ከዚያ በኋላ ድምፅዋን እየቀዳች ለአባቷ ስልክ ትልክ ጀመር። ስለ ብርዱ፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ አጎቷ ኩርፊያ ታወራለች። የምን ቀለም ሸሚዝ ልስፋልህ ትለዋለች። መልእክቱ መሰማቱን የሚያሳዩት ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ይሆናሉ። ሰማያዊ ሲሆኑ ደስ ይላታል፤ አባባ ሰማኝ ትላለች። አንድ ቀን ደንበኛ ያወራላትን ቀልድ እየነገረችው ትንፋሽ እስኪያጥራት ስቃ ነበር።

ከዚያ አንድ ማለዳ በሯ ተንኳኳ። አጎቷ ከሊል፣ ባለቤታቸው ሙርሺዳ፣ ከየሱቁ የተሰበሰቡት ነጋዴዎች ነበሩ። ማንም ምንም ሳይላት፣ በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ ስታይ ገባት። አባቷ ከረመዳን በፊት ሞቶ ነበር፤ መርዶው ሲደርሳት አረፋም አልፎ ነበር። እሷ ያን ሁሉ ጊዜ ለሞተ ሰው ነበር የምታወራው፤ ለሞተ ሰው ነበር የሳቀችው። መልእክቶቹን ማን እንደሰማቸው አዩብን ጠይቃው አታውቅም። አላጠፋቻቸውምም። አንዳንዴ ብቻዋን ስትሆን ሳታስበው ጣቷ ይነካቸውና የራሷን ሳቅ ትሰማዋለች።

“ሲሲ፣ እህቴ፣ ደህና ነሽ?” በመልበሻ ክፍሉ በር የቆመው ጥበቃ ነበር።

“ንጊያፊላ” አለችው። በዙሉ ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ከደንበኞቿ የተማረችው።

ወደ መተላለፊያው ወጥታ አጎቷ ጋ ደወለች። የሆነውን ለከሊል ነገረቻቸው። ከኋላ ሙርሺዳ “ማን ሞተ? ማን ሞተ?” ስትል ይሰማል።

“የፈረንጇ አባት” አሏት ከሊል። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመልሰው “ማን ነው የነገረሽ?” አሉ።

“እህቷ። በጣም ደክሟል አለችኝ፤ ቶሎ ትደውል አለች። እያለቀሰች ነበር።”

“እንግዲያው ሞተዋል። ነግረሻታል?”

“አልነገርኳትም። በረዶው ላይ ናት።”

“ደግ አደረግሽ። እንዳትነግሪያት። ብቻዋን፣ ባዶ ሆዷን፣ ሰው በሌለበት መርዶ አይነገርም። ቀብሩ እንደሆነ ዛሬውኑ ያልፋል። ብትነግሪያትስ በክንፍ አትደርስ። ውድድሯን ትጨርስ፣ ትብላ፣ ትተኛ። ነገ ጎህ ሲቀድ እንመጣለን።”

“አጎቴ፣ እነሱ ምናልባት እንደኛ አይደሉ ይሆናል።”

“ሞት ነው እንጂ ሌላ ነገር ነው?” አሉ። ሙርሺዳ ከኋላ የሆነ ነገር አለች። “ፊቤን ከአይቮሪ ፓርክ እንጥራት ትላለች፤ ፊቤ ጴንጤ ናት፣ መዝሙር ታውቃለች። ፈረንጇም ክርስቲያን አይደለች? ጎረቤታችን ሙደሲር መኪናውን ያመጣል።”

ፈዲላ በዚያ ሁሉ መሃል ሳቋ መጣ። ፊቤ ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ የሰፈር ሱቋን ዘግታ፣ ከአጎቷ ጋር ሆና፣ ሰሜኑ ሰፈር ያለውን የኪርሲን ቤት ጎህ ሲቀድ ስታንኳኳ ታያት።

“ፈዲሌ” አሉ ከሊል፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። “የራስሽን ረሳሽው? ሰው ሳይከብሽ ብንነግርሽ ኖሮ ምን ትሆኚ ነበር?”

ይህን ጥያቄ ራሷም ብዙ ጊዜ ጠይቃዋለች። መልስ ያገኘችለት ጊዜ አለ፤ ያጣችለትም ጊዜ አለ። ለአጎቷ ግን “እሺ” ብቻ ብላቸው ስልኩን ዘጋች። ቀጥሎም የኪርሲን ስልክ ድምፅ አጥፍታ የራሷ ቀሚስ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ኪርሲ ፊቷ ከብርዱ ቀልቶ ተመለሰች። ዝላዮቹ ሁሉ ተሳክተውላት ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ እያላላች “ደወለ?” አለች።

“እህትሽ ናት የደወለችው።”

“ሊሳ? ምን አለች?”

ፈዲላ የመርፌ መሰኪያዋን አስተካከለች። “አባትሽ ትንሽ ደክሟቸዋል፣ ተኝተዋል አለች። በርቺ በሏት ብለዋል።”

ኪርሲ ማሰሪያውን እንደያዘች ቀና አለች። “አባቴ በርቺ አለ?”

“አዎ።”

“አባቴ በሕይወቱ በርቺ ብሎኝ አያውቅም።”

ክፍሉ ውስጥ አንዲት ልጅ የፀጉር ማድረቂያ ከፍታ ነበር። ፈዲላ ጩኸቱ እስኪቆም የምትጠብቅ መስላ መርፌዎቿን ደረደረች። ከዚያ “በረዶው ቀለጠ ወይ ብለውም ጠይቀዋል” አለች።

ኪርሲ ሳቀች። ትከሻዋ ሲወርድ፣ ፊቷ ሲፈታ ፈዲላ አየች። ውሸቱ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አስደነገጣት። ከራሷ አፍ የወጣው የአዩብ ድምፅ ነበር፤ አዩብም እዚያ ወራቤ ስልኩን ይዞ፣ የእሷ ትከሻ ሲወርድ እንዲህ ሰምቶ ይሆናል።

“ልደውልለት?” አለች ኪርሲ።

“ተኝተዋል እኮ። ስትጨርሺ ትደውያለሽ።”

“እውነትሽን ነው” አለች ኪርሲ። ቦርሳዋን ትራስ አድርጋ አግዳሚው ላይ ተጋደመችና ዓይኗን ጨፈነች።

ከቀትር በኋላ ሰው መግባት ጀመረ። ወላጆች ብርድ ልብስ ተከናንበው ወንበሮቹ ላይ ተቀመጡ። ፈዲላ ከሜዳው መከለያ አጠገብ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሆና ታያለች። ከበረዶው ቀዝቃዛ ትንፋሽ ይነሳል። ልጆቹ አንድ በአንድ እየወጡ ይሽከረከራሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ። ስለቱ በረዶውን ሲፍቅ የሚያሰማው ድምፅ፣ ጀፕ ውስጥ ብቻዋን ሆና ጨርቅ በመቀስ ስትቆርጥ የምትሰማው ዓይነት ነው። ሌላ ጊዜ ደስ ይላት ነበር። ዛሬ ግን ጀርባዋን ሰቀጠጣት።

ስልኩ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሊሳ ነበረች። አላነሳችም። ቆይቶ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ቀብር ላይ ሆነው ይሆናል ብላ አሰበች። ሽማግሌውን እንደምታውቃቸው ዘመዶች በጨርቅ ተከፍነው፣ በሰው ትከሻ ላይ ሆነው፣ በበረዶ መሃል ሲሄዱ አየቻቸው። ፊታቸውን አታውቀውም። ስለዚህ በአሳቧ የሚሄደው ሰው የአባቷን ፊት ይዞ ነበር።

የኪርሲ ተራ ሲቃረብ ስልኩ እንደገና ተንቀጠቀጠ፤ አልቆም አለ። ሊሳ የከፋ ነገር ሳትጽፍ፣ ኪርሲም ድንገት ሳታየው፣ ነገሩን ማስረዳት ይሻላል አለች ፈዲላ። ዛሬ አትደውሉ፣ ነገ ጠዋት ሰው ሰብስበን እኛ እንነግራታለን ልትል ነበር። የምትናገረውን እንግሊዝኛ በልቧ አዘጋጅታ ከወንበሮቹ ጀርባ ሄዳ አነሳችው።

“ሊሳ፣ በጣም አዝናለሁ፣ እግዚአብሔር…” ብላ ጀመረች።

ሊሳ አልሰማቻትም። በፊንላንድኛ ከሌላ ሰው ጋር እየተነጋገረች ነበር። የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ቀጭን፣ እየተቆረጠ የሚወጣ ትንፋሽ ጆሮዋ ውስጥ ገባ።

“ኪርሲ?”

ፈዲላ ግድግዳውን ያዘች። ድምፁን ታውቀዋለች። ከሦስት ዓመት ጀምሮ ስለ በረዶው የሚጠይቃት ድምፅ ነው። የሞተ ሰው ድምፅ ነው። ለአፍታ፣ ለዚያች ለአፍታ ብቻ፣ ለአባቷ የላከቻቸው መልእክቶች ሁሉ መልስ የመጣ መሰላት።

“አይደለሁም” አለች በጭንቅ። “ፈዲላ ነኝ።”

ትንፋሹ ቆመ፤ ተመልሶ ቀጠለ። “ፊ…ዲላ” አሉ ሽማግሌው። “ኪርሲ የት?”

ስልኩን ሊሳ ተቀበለች።

“ለምን አልነገርሻትም?” አለች። እየጮኸች አልነበረም። “ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቀ ነው። ሐኪሞቹ እስከ ማታ አይቆይም ብለዋል። አሁን ነቅቷል፤ ደግሞ መቼ እንደሚነቃ አላውቅም። ደክሟል ብዬሽ አልነበረም?”

“ብለሽኝ ነበር” አለች ፈዲላ።

“ደክሟል ያልሽው በእርግጥ ደክሟል ማለትሽ መሆኑን አላወቅኩም” እንዴት ይባላል? በየትኛው እንግሊዝኛ?

“አትዝጊው” አለች። “እባክሽ አትዝጊው።”

ድምፅ ማጉያው የኪርሲን ስም ጠራ። ስሙ አዳራሹን ዞሮ ሲያስተጋባ ሰው ሞቅ አድርጎ አጨበጨበላት፤ የምታሠለጥናቸው ልጆች መከለያውን በመዳፋቸው ይደበድባሉ። ፈዲላ በወንበሮቹ መሃል፣ በሰው እግር ላይ እየተሰናከለች ወረደች። ኪርሲ በረዶው ላይ ቆማለች። አንድ እጇን መከለያው ላይ አሳርፋ እግሮቿን ታራግፋለች። ስሙ የተጠራ ሰው ወዲያው ወደ መሃል ገብቶ ቦታውን ካልያዘ ከውድድሩ ይወጣል።

አራት ደቂቃ ነው፣ አለች ፈዲላ በልቧ። ሙዚቃው አራት ደቂቃ ነው። ሽማግሌው ከጠዋት ጀምሮ ጠብቀዋል፤ አራት ደቂቃ ይጨምሩ። ደስ ብሏት ትጨርሳለች፣ ታሸንፋለች፣ ከዚያ ስልኩን እሰጣታለሁ። እሳቸውም ያሸነፈች ልጃቸውን ይሰሟታል። ከአጎቷ ከሊልም የሰማችው ይኸው ነው፤ አዩብም ለራሱ ይህንኑ ብሎ ይሆናል። ዛሬ አይሁን፣ ትንሽ ይቆይ፣ ለእሷው ይሻላል።

ስልኩ ውስጥ ያ ትንፋሽ ቆመ፤ ተመልሶ ቀጠለ።

“ኪርሲ” አለች።

ኪርሲ ዞረች። ፈገግ እያለች ነበር።

“አባትሽ አልተኙም። ዋሽቼሻለሁ። ጠዋት የሞቱ መስሎኝ ነው የዋሸሁሽ። አልሞቱም፤ ግን ሊሞቱ ነው። ነቅተው እየጠበቁሽ ነው።” ስልኩን በመከለያው ላይ ዘረጋችላት። “እዚህ ናቸው።”

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም። ፊቷ ላይ ረሳችው። ስልኩን አየች፤ ፈዲላን አየች፤ መሃል ላይ ባዶውን የቀረውን በረዶ ዞራ አየች። ጭብጨባው ቀስ በቀስ አለቀ። ከዳኞቹ ጠረጴዛ አንድ ሰው ቀና ብሎ ወደ እነሱ ተመለከተ።

ኪርሲ ስልኩን ነጥቃ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። “ኢሳ?” አለች። በፊንላንድኛ አባዬ እንደ ማለት ነው። ከዚያ በመከለያው በር ወጥታ፣ ለስለቱ መሸፈኛ እንኳ ሳታደርግ፣ ባዶውን ሲሚንቶ ረገጠችው። ብረቱ ሲሚንቶውን ሲፍቅ ፈዲላ ጥርሷን ነከሰች። በረዶ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን እንደማያደርግ ታውቃለች፤ የተሳለው ስለት በአንድ ርምጃ ይበላሻል። ኪርሲ ስድስት ሰባት ርምጃ ሄዳ ጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፋ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። ፈርጡ የሚያብረቀርቀው ቀሚሷ ከሥሯ ተጨማደደ። መጀመሪያ ትሰማ ነበር። ከዚያ መናገር ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ ልጅ በሚመስል ድምፅ።

ፈዲላ አንዱንም ቃል አልተረዳችም። ራሷ ምን ያህል እንደቀናችባት ግን ተረዳች፤ ቅናቱም አሳፈራት።

ድምፅ ማጉያው ስሙን ደገመው። ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። ከዳኞቹ ጠረጴዛ በኩል፣ አንገቷ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለች ሽበታም አስተባባሪ በፍጥነት መጣች። መተላለፊያው ለሁለት ሰው አይበቃም። ፈዲላ ጆሃንስበርግ ከገባች ጀምሮ ለሁሉም መንገድ ስትለቅ ነው የኖረችው፤ ለታክሲ ተራ አስከባሪ፣ ካርቶን ለተሸከመ፣ ለፖሊስ፣ ለደንበኛ። አሁንም እግሯ በልማዱ ወደ ግድግዳው ሊጠጋ ነበር።

አልተጠጋም። በመተላለፊያው መሃል ቆማ ሁለት እጇን ግራና ቀኝ ባለው የብረት መደገፊያ ላይ አደረገች።

“ትወዳደራለች ወይስ አትወዳደርም?” አለች አስተባባሪዋ። “ዳኞቹ መልስ ይፈልጋሉ። አሁን ካልገባች ወጥታለች ማለት ነው። ይህን ታውቂያለሽ?”

“አውቃለሁ።”

“እንግዲያው አሳልፊኝ፣ ራሷን ልጠይቃት።”

ከኋላዋ ኪርሲ በለቅሶና በሳቅ መሃል የሆነ ነገር እየተናገረች ነበር።

“ከአባቷ ጋር እያወራች ነው” አለች ፈዲላ፤ እጇንም ከመደገፊያው አላነሳችም።